ተማሪዋ ወይስ መካሪው? በሲሲሊያ ፔይን-ጋፖሽኪን ግለ ታሪክ ላይ የቀረበ ሂስ

የሥነ ፈለክ ሊቅ የነበሩት ሲሲሊያ ፔይን-ጋፖሽኪን በ1979 እ.ኤ.አ. ካረፉ በኋላ፣ ግለ ታሪካቸው በልጃቸው አዘጋጅነት በ1984 በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታትሞ ለሕዝብ ቀርቧል። መጽሐፉ አንዲት ወጣት በሳይንስ ሙያ ስትሰማራ መካሪዎቿ እንዴት እንደሚያነሷትና እንዴት እንደሚያሰናክሏት በቅርብ ያሳያል። ስለዚህም ሴት ተማሪዎችን በዚህ መስክ የመምራት ኃላፊነት የተጣለበት መምህር ሊያነበው የሚገባ ነው። ይሁን እንጂ ደራሲዋ በሙያቸው ስለደረሰባቸው ትልቁ በደል የሰጡት ፍርድ ተቀባይነት ያለው አይመስልም።

ፔይን በ1919 ካምብሪጅ በሚገኘው የኒውነም ኮሌጅ ትምህርታቸውን ሲጀምሩ ሐሳባቸው ወደ ዕፅዋት ጥናት ያዘነበለ ነበር። አርተር ኤዲንግተን ስለ ፀሐይ ግርዶሽ ምርምራቸው የሰጡትን ንግግር ካዳመጡ በኋላ ግን ልባቸው ወደ ከዋክብት ዞረ። ኤዲንግተን ምክር አላበዙም፤ የሚሠራ ጥያቄ ሰጧቸው። ተማሪዋ የአንድን ኮከብ ውስጣዊ ባሕርይ ከመሐሉ ጀምረው ወደ ውጭ እያሰሉ ሲሄዱ ከገጹ አጠገብ ደርሰው መላው ጠፋቸው። ችግሩን ሲያስረዱም፣ መምህሩ ራሳቸው በዚሁ ጥያቄ ለዓመታት ሲቸገሩ መኖራቸውን ነገሯቸው። የራሱን ወሰን በተማሪው ፊት የማይደብቅ መምህር ምን ያህል እንደሚያጸና ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ካምብሪጅ እስከ 1948 ድረስ ለሴቶች ዲግሪ አይሰጥም ነበርና፣ ፔይን በ1923 በሃርሎ ሻፕሊ ይመራ ወደነበረው የሃርቫርድ የከዋክብት መመልከቻ ተሻገሩ። በዚያም የሕንዱ የፊዚክስ ሊቅ መግናድ ሳሃ ሙቀት በአቶሞች ላይ ስላለው ኃይል ባወጡት ቀመር ተመርተው የከዋክብትን ብርሃን መረመሩ። ውጤቱ ያልተጠበቀ ነበር፤ ሃይድሮጅን ከብረት ነክ ንጥረ ነገሮች አንድ ሚሊዮን እጥፍ ያህል በዝቶ ተገኘ። የዘመኑ ሊቃውንት ፀሐይ ምድር ከተሠራችበት የተሠራች ናት ብለው ያምኑ ነበር። ሻፕሊ ረቂቁን የላኩላቸው የፕሪንስተኑ ሄንሪ ኖሪስ ራስል ነገሩ ሊሆን የማይችል ነው አሉ። ከዚህም የተነሳ በ1925 የቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ የራሱን ግኝት እውነት እንዳይደለ የሚቆጥር ዓረፍተ ነገር ይዞ ወጣ። ከ4 ዓመት በኋላ ራስል በሌላ መንገድ እዚያው ደረሱ። የፔይንን ሥራ መጥቀሳቸው አይካድም፤ ሆኖም ብዙዎች ግኝቱን የራስል አድርገው ቆጠሩት።

ደራሲዋ በዚህ የሚወቅሱት ራሳቸውን ነው፤ ትክክል መሆናቸውን እያመኑ ለባለሥልጣን ቃል ተሸነፉ፣ ስለዚህ ጥፋቱ የእሳቸው ነው። ትሕትናው የሚደነቅ ነው፤ ፍርዱ ግን የተገለበጠ ነው። የ25 ዓመት ወጣት፣ ያውም በባዕድ አገር ያለች ሴት፣ የወደፊት እንጀራዋ በእነዚያው ሰዎች ቃል ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ እምቢ ማለት ነበረባት ማለት የመካሪውን ዕዳ በተማሪዋ ላይ መጫን ነው። ራስል ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ጉዳዩን ለመምህራን ትምህርት የሚያደርገውም ይኸው ነው። ስሌቱ የተሳሳተበትን ቦታ ማሳየት፣ ስሕተት ካልተገኘም ጥያቄው ክፍት ሆኖ እንዲታተም መፍቀድ የመካሪው ፋንታ ነበር። መጽሐፉ ይህን አይጠይቅም። በቤተ ሙከራ ውስጥ የተማሪዋ ልኬት ከመማሪያ መጽሐፉ ቁጥር ጋር ሳይስማማ ሲቀር፣ መሣሪያውን ከእርሷ ጋር እንደገና በመመርመር ፈንታ «ሰርዘሽ ጻፊው» የሚል መምህርም የሚሠራው ከራስል ሥራ የራቀ አይደለም።

የሻፕሊ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። በር ከፈቱ፣ ሥራም ሰጡ፤ ነገር ግን የፔይን ደመወዝ በዕቃ መግዣ ሒሳብ ይመዘገብ ነበር፤ የሚያስተምሯቸው ትምህርቶችም እስከ 1945 ድረስ በዩኒቨርሲቲው የትምህርት ዝርዝር ላይ አልወጡም። የፕሮፌሰርነት ማዕረግ ያገኙት በ1956 ነው። ሴቶችን ወደ ቴክኖሎጂ ተቋማት ለማስገባት ዕቅድ የሚያወጣ ሁሉ የገቡትን ቁጥር ከመመዝገብ አልፎ ስማቸውና ደመወዛቸው በየትኛው መዝገብ እንደሰፈረ ቢመለከት መልካም ነው።

መጽሐፉ ፔይን በተራቸው ለሌሎች ምን እንደሆኑ በበቂ አይናገርም። የፊዚክስ ሊቋ ጆአን ፋይንማን በልጅነታቸው የሴት አእምሮ ለሳይንስ አልተፈጠረም ሲባሉ አድገዋል። በ14 ዓመታቸው ወንድማቸው ሪቻርድ የሥነ ፈለክ መጽሐፍ ሰጧቸው፤ ሲያነቡ ከአንድ ሥዕል ሥር የሲሲሊያ ፔይንን ስም አገኙ። ኋላ ፀሐይን ሲያጠኑ ለኖሩት ለጆአን፣ ሴት ሳይንስን ልትሠራ እንደምትችል ያረጋገጠላቸው ያ ስም ነበር።