የፓምፑ ጉልበት ከወለሉ በታች ነው

መልህቅ ከጭቃ ሲነሣ ሰንሰለቱ ብቻውን አይወጣም። እንደ አሜሪካው ቼሳፒክ ባለ፣ ታቹ ለስላሳ ጭቃ በሆነ ባሕረ ሰላጤ ያደረ ጀልባ በየቀለበቱ የተሰገሰገ ጥቁር ጭቃ ይዞ ይነሣል። ጭቃው ሳይታጠብ ወደ ሰንሰለቱ ማስቀመጫ ከገባ ይሸታል፤ የውሃ መውረጃውንም ይደፍናል። በጀልባው የፊት ወለል ላይ የባሕር ውሃ ማጠቢያ የሚገጠመው ለዚህ ነው፤ በታንከር የተያዘው ንጹሕ ውሃ ለመጠጥና ለምግብ ይቆጠባል። ብዙ ሰው የሚጨነቀው ስለ ፓምፑ ትልቅነት ነው። እኔ ግን ሥራው የሚያምረውም የሚበላሸውም ከወለሉ በታች፣ በሽቦውና ውሃው በሚገባበት ቀዳዳ ላይ ነው ባይ ነኝ።

በ12 ቮልት የሚሠራ፣ 10 አምፔር የሚስብ ፓምፕ እንውሰድ። ከባትሪው 8 ሜትር ከራቀ፣ ደርሶ መልሱ 16 ሜትር ሽቦ ነው። ሽቦው 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ከሆነ ከ1 ቮልት በላይ መንገድ ላይ ይቀራል፤ 10 ካሬ ሚሊ ሜትር ከሆነ ግን የሚጠፋው 0.3 ቮልት እንኳ አይሞላም። ውሃው ደከመ ብሎ በዚያው ቀጭን ሽቦ ላይ ትልቅ ፓምፕ መግጠም ችግሩን ያብሳል፤ ብዙ አምፔር በሳበ ቁጥር የሚባክነው ቮልትም ይጨምራልና። ፊውዙም ባትሪው አጠገብ ይሁን። ፓምፑ ዘንድ የተቀመጠ ፊውዝ፣ መሐል ላይ ተልጦ የተነካካ ሽቦን ከእሳት አያድንም።

ጀልባ መብሳት የሚያስፈራቸው ሰዎች ውሃውን ከሞተሩ ማቀዝቀዣ መስመር መቀጠል ይሻላል ይላሉ። ፍርሃታቸው ተገቢ ነው፤ ምርጫቸው ግን አይደለም። መልህቅ የሚነሣው ሞተር ተነሥቶ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱ ውሃውን የሚሻሙት ሞተሩ በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት ነው። በቅጥያው በኩል አየር ከገባም ሞተሩ ይግላል። አዲስ ቀዳዳ ካልተፈለገ ከመጸዳጃ ቤቱ የባሕር ውሃ መስመር መቀጠል ይሻላል፤ መልህቅ ሲነሣ እሱ ሥራ ፈት ነው።

ቀዳዳው የትም ይሁን የት፣ መዝጊያ ቫልቩ በቀላሉ እጅ የሚደርስበት መሆን አለበት። ከውኃው ወለል 60 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ያለ የ19 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ጎማው ቢወልቅ በደቂቃ ከ30 ሊትር በላይ ያስገባል። ከፓምፑ በኋላ ያለው ጎማ ቢፈነዳ ደግሞ ግፊቱ ሲወርድ ፓምፑ በራሱ ተነሥቶ ባሕሩን ወደ ውስጥ ይገለብጣል። ስለዚህ ታጥቦ ሲያበቃ ማብሪያውም ቫልቩም ይዘጉ።

ባልዲ አይበቃም ወይ የሚል ይኖራል። ባልዲ አይበላሽም፤ ከጀልባ ላይም አይጥፋ። ነገር ግን መልህቁ ተነቅሎ ጀልባው በነፋስ ሲገፋ፣ ጎንበስ ብሎ ውሃ የሚቀዳ ሰው ራሱ ሊወድቅ ይችላል። ጨው ያበላሻል ለሚሉም፣ ሰንሰለቱ የመጣው ከዚያው ጨው ነው፤ ለመልህቅ መሳቢያ ማሽኑ መጨረሻ ላይ ጥቂት ንጹሕ ውሃ ይበቃዋል። ገንዘብ ካጠረ መካከለኛ ፓምፕ ይገዛና ትርፉ ለወፍራም ሽቦና ለጥሩ ቫልቭ ይዋል።