ጭምብልና ማዕድ፦ የዋለልኝ መኮንንን ጽሑፍ ከገላትያ 2 ጋር ማንበብ

በደሴው ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት የተማረው ዋለልኝ መኮንን ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈው ጽሑፍ ኅዳር 8 ቀን 1962 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ልሳን በነበረው «ስትራግል» ወጣ። ፖለቲከኞች ደጋግመው አንብበውታል። እኛ አገልጋዮች ግን ለእነርሱ የተውነው ይመስላል።

ክርክሩ አጭር ነው፦ ኢትዮጵያዊ ለመባል አማርኛ መናገር፣ የአማራና የትግሬ ሸማ መልበስ፣ ኦርቶዶክስ መሆን፣ አንዳንዴም ስም መለወጥ ግድ ሆኗል፤ ይህ ጭምብል ነው ይላል። ወንጌላዊ አንባቢ ገላትያ 2፥11–14ን ማስታወሱ አይቀርም። ጳውሎስ፣ ጴጥሮስ ከአሕዛብ ማዕድ ማፈግፈጉን የነቀፈበት የግሪክ ቃል «ሁፖክሪሲስ» ከቴአትር መድረክ የመጣ ነው። ልዩነቱን ግን ልብ እንበል። በዋለልኝ ዘንድ ጭምብል የሚያጠልቀው ተገዳጁ ነው፤ በጳውሎስ ዘንድ ተዋናዩ ራሱ አስገዳጁ ጴጥሮስ ነው። የጳውሎሱ ወቀሳ ጠለቅ ይላል፤ ለእኛም ይበልጥ ይከብዳል።

የዋለልኝ ድካም እምነትን ከሸማና ከዘፈን ተርታ ማሰለፉ ነው። ኦሮምኛ እየተናገረ ከልቡ የሚጾም የወሎ ኦርቶዶክስ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ቦታ የለውም። መፍትሔው ደግሞ ትጥቅ ትግል ነው፤ ጳውሎስ ግን ጴጥሮስን ፊት ለፊት የተቃወመው ማዕዱ እንዳይፈርስ ነው። ለፍትሕ ያህል፣ ዋለልኝ ዓላማው ውይይት መቀስቀስ መሆኑንና ጽሑፉ በጅምላ አነጋገር የተጎዳ መሆኑን እዚያው አምኗል። መከራከሪያ ብሎ ያቀረበውን መፈክር ያደረግነው አንባቢዎቹ ነን። እርሱ ራሱ መልሱን ለማየት አልቆየም፤ ኅዳር 29 ቀን 1965 ዓ.ም. በአውሮፕላን ጠለፋ ሙከራ ላይ ተገደለ።

አሁን ወደ ደሴና ኮምቦልቻ እንምጣ። ሙስሊምና ክርስቲያን ስም በአንድ የዘር ሐረግ በሚገኝበት አገር፣ ሰይድ የሚባል ወጣት ወደ ጌታ ሲመጣ «አዲሱ ስምህስ?» ብንለው የጠየቅነው ንስሐን ነው ወይስ ጭምብልን? ራሱ ቢመርጠው ሌላ ነገር ነው። እኛ ስንጠብቅበት ግን ከአንጾኪያው ማዕድ የተነሣውን ጴጥሮስን መስለናል።

ይህን ጥያቄ አንድ የሴሚናሪ ተማሪ በግቢው ጋዜጣ ቢጽፈው እናትመው ይሆን? እኔ እናትመው ባይ ነኝ። የገላትያ መልእክትን የምታስተምሩ ወንድሞችና እኅቶች፣ የዋለልኝን ጽሑፍ ከምዕራፍ 2 ጋር አስነብቡና ተማሪዎቻችሁ በስማቸው የተፈረመ መልስ ይጻፉ፤ ከመልሶቹም የተቃወሟችሁን አስቀድማችሁ አትሙ።