መሳለምና መጐብኘት፤ በብሪታንያ ከተሞች የሚገኙ የኢትዮጵያ ቅርሶች ከላሊበላ አንጻር ሲመረመሩ

በላስታ ደጋ ካሉት አጥቢያዎች ተነሥቶ ወደ ላሊበላ የሚመጣ ምእመን ስለ አመጣጡ ቢጠየቅ «ልሳለም መጣሁ» ይላል እንጂ «ልጐበኝ መጣሁ» አይልም። መሳለም ጫማን አውልቆ መግባት፣ ደጃፉን በግንባርና በከንፈር መንካት፣ ተባርኮ መውጣት ነው። መጐብኘትም በጥንቱ አማርኛ ከዛሬው የሰፋ ትርጕም ነበረው። ገበሬ ማሳውን፣ እረኛ መንጋውን፣ ዘመድ የታመመ ዘመዱን ይጐበኛል፤ የጐበኘም ሰው የጐደለውን አይቶ ዝም አይልም። «አገር ጐብኚ» የሚለው ስም ለመንገደኛው ከተሰጠ ወዲህ ግን ከቃሉ ውስጥ የኀላፊነቱ ክፍል እየመነመነ ሄዶ የማየቱ ክፍል ብቻ ጐልቶ ቀርቷል።

ስለ ብሪታንያ ከተሞች የሚጻፉት የመንገደኛ መምሪያ መጻሕፍት የሚያስተምሩት ይህንኑ የመጨረሻውን ዐይነት ጕብኝት ነው። በሎንዶን የታወርን ግንብ፣ የዌስትሚንስተርን ቤተ ክርስቲያንና ብሪቲሽ ሙዚየምን፤ በኤዲንበርግ በዐለት ላይ የተሠራውን ምሽግ፤ በባዝ የሮማውያንን መታጠቢያ ይዘረዝራሉ። ዝርዝሩ ለሁሉም መንገደኛ አንድ ነው። ነገር ግን የኢትዮጵያን ታሪክ የሚያጠና ሰው በእነዚሁ ከተሞች ሲዘዋወር በዚህ ዝርዝር ሥር የተሸፈነ ሌላ ዝርዝር ያገኛል፤ እርሱም ከመቅደላ የተወሰዱት መጻሕፍት፣ ታቦቶች፣ አክሊሎችና ንዋያተ ቅድሳት ያሉባቸው ቤቶች ዝርዝር ነው። በነዚህ ዕቃዎች ላይ ስለ ባለቤትነት ብዙ ተከራክረዋል። አነስተኛ ትኵረት ያገኘው ጥያቄ፣ ዕቃዎቹ ዛሬ ባሉበት አኳኋን ለተመልካች ምን ይናገራሉ? ምንስ ይሰውራሉ? የሚለው ነው። ለዚህ መመዘኛ የሚሆን ቦታ ቢፈለግ ከላሊበላ የተሻለ አይገኝም፤ ምክንያቱም ላሊበላ በአንድ ጊዜ የሚሳለሙትም የሚጐበኙትም ቦታ ነውና።

ታሪኩ በአጭሩ የታወቀ ነው። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር በጄኔራል ናፒየር እየተመራ ከቀይ ባሕር ጠረፍ ተነሥቶ የላስታን ምሥራቃዊ ደጋ አቋርጦ በወድላና በደላንታ በኩል መቅደላ ደረሰ። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ ምሽጉና የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ተዘረፉ። ምርኮው በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ተወሰደና በዚያ በጨረታ ተሸጠ። የብሪቲሽ ሙዚየም ሠራተኛ የነበረው ሪቻርድ ሆልምስ ከጦሩ ጋራ አብሮ ስለ መጣ ለሙዚየሙ ብዙ ገዛ፤ 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ወደዚያ ገቡ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ከእነዚህ መጻሕፍት መካከል ለላስታ ሰው እጅግ የሚቀርበው ገድለ ላሊበላ ነው። በ1892 ፔሩሾን የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ የገድሉን የግእዝ ንባብ ከፈረንሳይኛ ትርጕም ጋራ በፓሪስ ሲያሳትም መሠረት ያደረገው በብሪቲሽ ሙዚየም ያለውን ቅጂ ነበር። ስለዚህ ስለ ዛጔ ነገሥታት የሚደረገው የውጭ ሊቃውንት ጥናት ብዙው የተነሣው ከሎንዶን መደርደሪያ ነው ማለት ይቻላል። ራይት በ1877 ያሳተመው የመጻሕፍቱ ዝርዝርም እስከ ዛሬ ያገለግላል። መጻሕፍቱ ከ1973 ወዲህ የብሪቲሽ ላይብረሪ ሆነዋል፤ በ1998 በተከፈተው አዲስ ሕንጻ ውስጥ በጥንቃቄ ተቀምጠዋል፤ በ2018ም ለኢትዮጵያ መጻሕፍት ብቻ የተለየ ትርኢት ተደርጎላቸዋል። ይህን ሁሉ መካድ ፍትሕ አይደለም።

ሆኖም ገድል ማለት ምን ዐይነት መጽሐፍ እንደ ሆነ ማስታወስ ያስፈልጋል። ገድል በጸጥታ ለብቻ እንዲነበብ የተጻፈ አይደለም፤ በቅዱሱ በዓል ቀን፣ የቅዱስ ላሊበላም ሰኔ 12 ቀን፣ በጉባኤ ፊት በዜማና በንባብ እንዲሰማ ነው። ሰሚው ስለ ዐለቱ መፈልፈል ሲነገር ዐለቱን ራሱን በእጁ ይነካዋል፤ ንባቡና ቦታው አንዱ የሌላው ምስክር ይሆናሉ። በሎንዶን ግን መጽሐፉ ንባቡን እንደ ያዘ ሰሚውንና ቦታውን አጥቷል። የመስታወቱ ሣጥን አንዱን ገጽ ገልጦ ያሳያል፤ የተገለጠው ገጽም ሥዕል ያለበት ይሆናል፤ ምክንያቱም ተመልካቹ ግእዝ አያነብም ተብሎ ይታሰባልና። እንዲህ ሲሆን መጽሐፍ ወደ ሥዕል ይለወጣል። የመጻሕፍቱ ምስል በኤሌክትሮኒክ መንገድ ለዓለም ሁሉ መሰጠቱ ታላቅ ርዳታ ነው፤ ነገር ግን በጥቅምት ወር 2023 በላይብረሪው የኮምፒዩተር ሥርዓት ላይ የደረሰው ጥቃት እነዚህን ምስሎች ለረዥም ጊዜ ከአንባቢው ዐይን ሰወራቸው። ምስልን መስጠት መጽሐፉን እንደ መመለስ ይቈጠራል የሚለው ክርክር በዚህ ጊዜ ደካማነቱ ታይቷል፤ የምስሉ ቍልፍ አሁንም በባለ መደርደሪያው እጅ ነውና።

ከመጻሕፍቱ ይልቅ ነገሩን አጥብቆ የሚያሳየው የታቦቶቹ ሁኔታ ነው። በብሪቲሽ ሙዚየም 11 ታቦቶች አሉ፤ አብዛኞቹ የመቅደላ ናቸው። ሙዚየሙ የቤተ ክርስቲያኒቱን ሥርዓት በማክበር ለተመልካች አያሳያቸውም፤ በተለየ ክፍል ተሸፍነው ተቀምጠዋል፤ ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ካህናት በቀር ማንም አይገባባቸውም፤ የሙዚየሙ ባለ ሥልጣኖችና አጥኚዎችም አያዩአቸውም። በመጀመሪያ ሲታይ ይህ ጨዋነት ነው። ሲመረመር ግን ሙዚየም የሚባለውን ነገር ራሱን የሚያፈርስ ጨዋነት ነው። ሙዚየም ዕቃን የሚይዝበት ምክንያት ሁለት ነው፤ ለሕዝብ ማሳየትና ለሊቃውንት ማስጠናት። እነዚህ ታቦቶች ግን አይታዩም፣ አይጠኑም፣ አይቀደስባቸውም።

በላሊበላም የማይታይ ነገር አለ፤ ማወዳደሩ የሚጠቅመው ስለዚህ ነው። የመቅደሱ መጋረጃ ለምእመን አይገለጥም። ወደ ቤተ ጎልጎታ ሴቶች አይገቡም። በዚያው አጠገብ ያለው የሥላሴ መቅደስ ከጥቂቶች በቀር ለማንም የማይከፈት ነው። ታቦቱ በጥምቀት ቀን ሲወጣ እንኳ በልብስ ተጐናጽፎ ነው። ይሁን እንጂ በላሊበላ የተሰወረው ነገር ለሚታየው ነገር ሁሉ ምንጭ ነው። ስለ ታቦቱ ሲባል ሕንጻው ተፈለፈለ፤ ስለ ታቦቱ ካህኑ ይለብሳል፣ ደብተራው ይዘምማል፣ ሕዝቡ ከየአጥቢያው ሌሊቱን ሲጓዝ ያድራል። በታኅሣሥ 29 ቀን ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ ባለው ዐለት ላይ ቆመው፣ ሌሎቹም ከታች ሆነው «ቤዛ ኵሉ» ሲያሸበሽቡ የሚያየው ሰው፣ የማይታየው እንዴት የሚታየውን እንደሚያንቀሳቅሰው ይረዳል። በሎንዶን ያለው ስውር ግን ምንም አያንቀሳቅስም። ሁለቱ ስውርነቶች በውጭ ቢመሳሰሉም በባሕርያቸው ተቃራኒዎች ናቸው፤ አንዱ መሰወር ሲሆን ሁለተኛው መታሰር ነው።

ሙዚየሙ መልስ አድርጎ የሚያቀርበው በ1963 የወጣውን ሕግ ነው፤ ሕጉ ባለ አደራዎቹ ከስብስቡ ዕቃ እንዳያወጡ ይከለክላል። ነገር ግን ያው ሕግ ዕቃው በስብስቡ ውስጥ ለመቈየት የማይገባ ሆኖ ሲገኝ፣ ለተማሪዎችም ጥቅም ጕዳት ከሌለው፣ እንዲወጣ ይፈቅዳል። ማንም ተማሪ ሊያየው ያልተፈቀደለት ነገር ቢወጣ በተማሪዎች ላይ ምን ጕዳት ይደርሳል? ይህን ጥያቄ ለመመለስ ሕግ ዐዋቂ መሆን አያስፈልግም። መመለስም አዲስ ነገር አይደለም፤ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1872 ክብረ ነገሥትን በደብዳቤ ቢጠይቁ ከሙዚየሙ ወጥቶ ተመልሶላቸዋል። አብረው የጠየቁት ኵርዐተ ርእሱ የተባለው ሥዕል ግን አልተገኘም ተባለ፤ በኋላ እንደ ታወቀው ሆልምስ ለራሱ አስቀርቶት ነበር።

በሎንዶን የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የሚታየው የወርቅ አክሊልና የወርቅ ጽዋ ጕዳይ ከዚህ ይለያል። እዚህ ዕቃው ይታያል፤ ማብራሪያም አለው። ከ2018 እስከ 2019 በቈየው የመቅደላ ትርኢት ሙዚየሙ ዕቃዎቹ በጦርነት የተወሰዱ መሆናቸውን ሳይደብቅ ጽፏል፤ ይህ ከቀድሞው ዝምታ ጋራ ሲነጻጸር ምስጋና ይገባዋል። ድካሙ ሌላ ነው። ጽዋው ለጐንደር ቍስቋም መሰጠቱ በራሱ ላይ በግእዝ ተቀርጿል። ስለዚህ ከሁሉ የበለጠው ማብራሪያ ሙዚየሙ የጻፈው ሳይሆን ዕቃው ራሱ የተሸከመው ጽሑፍ ነው፤ ባለቤቱንም፣ የተሰጠበትንም ምክንያት ይናገራል። ዕቃው «የቍስቋም ነኝ» እያለ ሙዚየሙ ከአጠገቡ ቆሞ ስለ ወርቁና ስለ ቅርጹ ማብራራቱ የሚቃረን ነገር ነው። የሙዚየሙ ሹም በዚያን ጊዜ ያቀረቡት ሐሳብም የረዥም ጊዜ ውሰት ነበር፤ ኢትዮጵያ ግን በ2007 አስቀድማ ያቀረበችው ጥያቄ የመመለስ ጥያቄ ነበር። ከሁለቱ የመቅደላ አክሊሎች አንደኛው፣ በወርቅ የተለበጠው የብር አክሊል፣ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1924 እንግሊዝ አገርን ሲጐበኙ እንዲመለስ ተደርጓል። የከበረው ቀረ፤ ከርሱ ያነሰው ተመለሰ። ይህ ምርጫ ከማንኛውም ማብራሪያ ይልቅ ይናገራል።

ሁሉም የብሪታንያ ቦታ ግን በአንድ ሚዛን አይመዘንም። በኤዲንበርግ በቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን በ2001 በቁም ሣጥን ውስጥ አንድ ታቦት ሲገኝ ቤተ ክርስቲያኑ ምንነቱን ተረድቶ በማግስቱ ዓመት መለሰው፤ በአዲስ አበባም እጅግ ብዙ ሕዝብ ወጥቶ ተቀበለው። ያ ታቦት በኤዲንበርግ ለምንም ጕብኝት አልዋለም ነበር፤ ሆኖም በጥንቱ ትርጕም በእውነት የተጐበኘ እርሱ ነው፤ ያየው ሰው የጐደለውን አይቶ ዝም አላለምና። የዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያንም በመሠዊያው ውስጥ የተከለውን ታቦት ለመመለስ በ2024 በሐሳብ ደረጃ ተስማምቷል። በ2019 የብሔራዊ ጦር ሙዚየም የዐፄ ቴዎድሮስን ጠጕር መልሷል። በባዝ ከተማ ደግሞ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከ1936 እስከ 1940 በስደት የኖሩበት ፌርፊልድ ሃውስ አለ፤ በ1958 ለከተማው ሽማግሎችና አረጋውያን አገልግሎት ሰጡት። ቤቱ መታሰቢያነቱን ያገኘው በመስታወት በመዘጋቱ ሳይሆን ሰው ስላገለገለበት ነው፤ በዚህም ከታላላቆቹ ሙዚየሞች ይልቅ ለላሊበላ ይቀርባል። በተቃራኒው በ18 ዓመቱ በ1879 በሊድስ ከተማ ያረፈው ልዑል ዓለማየሁ በዊንዘር የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት እንደ ተቀበረ ነው፤ ዐፅሙ ይመለስ የሚለው ጥያቄ በ2023 አሉታዊ መልስ አግኝቷል።

ይህን ሁሉ ተናግሮ ላሊበላን ራሱን ሳይመረምሩ ማለፍ ግን ወገንተኛነት ይሆናል። የቤተ መድኃኔ ዓለም ታላቅ መስቀል፣ አፍሮ አይገባ፣ በ1997 ተሰርቆ ቤልጅግ አገር ከደረሰ በኋላ በ2001 ተመልሷል፤ ሌባው ሳይሆን ጠባቂነቱ የላላው ሥርዓት በዚህ ጊዜ ይጠየቃል። ዩኔስኮ በ1978 ቦታውን በዓለም ቅርስነት ከመዘገበ ወዲህ የውጭው ዐይን በየጊዜው በረታ። በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በ2008 የተተከሉት የብረት መጠለያዎች ዝናቡን ሲከላከሉ፣ ክብደታቸው ዐለቱን ይጐዳል ብሎ የሠጋው የከተማው ሕዝብ በ2018 ሰልፍ ወጥቶ ጩኸቱን አሰማ። የመንገደኛ መሪዎች ንግግርም ነቀፌታ አያመልጥም። ላሊበላን «ስምንተኛው የዓለም ድንቅ» ማለት ቦታውን በሌሎች ዝርዝር ጭራ ላይ ማስቀመጥ ነው፤ አብያተ ክርስቲያናቱን ባዕዳን ጠረቧቸው የሚለው ተረት ደግሞ የላስታን እጅ መካድ ነው። 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት፣ ዮርዳኖስ የተባለው ወንዝ፣ ጎልጎታና ደብረ ዘይት የተባሉት ስፍራዎች የኢየሩሳሌምን ካርታ በላስታ ዐለት ላይ ያነበቡ ሰዎች ሥራ ናቸው። በ16ኛው መቶ ዓመት ቦታውን ያየው ፖርቱጋላዊው አልቫሬዝ የማይታመን እንዳይመስልበት ፈርቶ በመሐላ ያጸናው ምስክርነት ከዛሬዎቹ መፈክሮች ይልቅ ለቦታው የሚገባ ክብር አለው።

ይሁን እንጂ በሁለቱ መካከል አንድ መሠረታዊ ልዩነት ይቀራል። በላሊበላ ጥፋት ሲደርስ የሚጮኽ ባለቤት አለ። መስቀሉ ሲሰረቅ ያለቀሰው፣ መጠለያው ሲከብድ ሰልፍ የወጣው፣ በ2021 ጦርነት ከተማዋን በያዘ ጊዜም በደጁ የቀረው ሰው ያው ተሳላሚው ነው። የማሳው ባለቤት ማሳውን ይጐበኛል። በብሪታንያ ከተሞች ያሉት ቅርሶች የጐደላቸው ጠባቂ ወይም ገንዘብ አይደለም፤ በዚህ ረገድ ከላስታ ይበልጣሉ። የጐደላቸው ስለ እነርሱ የሚጠይቅ ዘመድ በአጠገባቸው አለመኖሩ ነው። ስለዚህ ሎንዶንን ወይም ኤዲንበርግን የሚያይ ኢትዮጵያዊ ተማሪ የቅርሶቹን ዝርዝር፣ የተጻፈባቸውን፣ የመጡበትን አጥቢያ መዝግቦ ቢመለስ፣ በመስታወት ፊት ቆሞ ከማድነቅ የበለጠ ሥራ ሠርቷል። በአማርኛው ሙሉ ትርጕም ጐብኝቷል የሚባለውም ያን ጊዜ ነው።