የፕሮግራም ቋንቋ ምርጫና የሥራ ድካም፦ በአንድ ጥናት ላይ የቀረበ ሂስ

የኮምፒዩተር ትምህርት መርሐ ግብር በሚነደፍበት ጊዜ «በየትኛው የፕሮግራም ቋንቋ እናስተምር?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ለዚህ ጥያቄ በማስረጃነት ሊቀርቡ ከሚችሉት ጥናቶች አንዱ ሉትዝ ፕሬኼልት እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተሙት የሰባት ቋንቋዎች ንጽጽር ነው። ለሁሉም የተሰጠው ተግባር አንድ ነበር፤ ይኸውም የስልክ ቁጥሮችን በመዝገበ ቃላት ውስጥ በሚገኙ ቃላት የሚተካ ፕሮግራም መጻፍ ነው። በ74 ሰዎች የተጻፉ 80 ፕሮግራሞች ተመርምረዋል። በፐርል፣ በፓይተን፣ በሬክስና በቲክል የጻፉት ሰዎች በሲ፣ በሲ ፕላስ ፕላስና በጃቫ ከጻፉት ጋር ሲነጻጸሩ፣ የፈጀባቸው ጊዜም ሆነ የፕሮግራሞቻቸው ርዝመት ግማሽ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኝቷል።

ይህን አኃዝ ይዞ ወደ ውሳኔ ከመሄድ በፊት አሠራሩን መመርመር ያስፈልጋል። የሲ፣ የሲ ፕላስ ፕላስና የጃቫ ፕሮግራሞች በካርልስሩኸ ዩኒቨርሲቲ ቁጥጥር በተደረገበት ሙከራ በተማሪዎች የተጻፉ ናቸው፤ የቀሩት ግን ለይፋ ጥሪ ምላሽ ከሰጡ ፈቃደኞች የተሰበሰቡ ሲሆን፣ የፈጀባቸውን ሰዓት የተናገሩትም ራሳቸው ናቸው። በክፍል ውስጥ ቀድሞ እጁን የሚያወጣ ተማሪ ለክፍሉ ሁሉ ናሙና እንደማይሆን መምህራን ያውቁታል። ከዚህም ሌላ የሬክስ ፕሮግራሞች 4፣ የሲ 5 ብቻ ነበሩ፤ ጃቫም በጊዜው ገና አዲስ ቋንቋ ነበር። ተግባሩም ከቃላትና ከፊደላት ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ ለዚሁ ዓይነት ሥራ ለተመቹት ቋንቋዎች ያደላል። በፕሬኼልት ላይ ግን ነቀፋው አይጠናም፤ የናሙናውን ድክመት ራሳቸው ገልጸውታልና።

በዚህ ጸሐፊ አስተያየት የጥናቱ ዋነኛ ፍሬ በሌላ ስፍራ ይገኛል። አንድ ሰው በሰዓት የሚጽፋቸው መስመሮች ብዛት በቋንቋው ዓይነት ብዙም አይለዋወጥም፤ ፍሬድሪክ ብሩክስም እ.ኤ.አ. በ1975 ተመሳሳይ ሐሳብ አቅርበው ነበር። እንግዲያው ቋንቋ ድካም የሚቀንሰው እጅን በማፍጠን ሳይሆን የሚጻፈውን በማሳነስ ነው። ለምሳሌ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ እያንዳንዱ ቃል ስንት ጊዜ እንደተደጋገመ ለመቁጠር፣ በፓይተን የሚጽፍ ሰው ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ሠንጠረዥ ያገኛል፤ በሲ የሚጽፈው ሠንጠረዡን ራሱ መሥራት፣ የማኅደረ ትውስታውንም ስፍራ ራሱ ማደላደል አለበት። የትምህርቱ ዓላማ መቁጠር ከሆነ እነዚያ ተጨማሪ መስመሮች ብክነት ናቸው፤ ዓላማው ሠንጠረዥ እንዴት እንደሚሠራ ማሳየት ከሆነ ግን ትምህርቱ እነሱው ናቸው። ጥናቱ የለካው የመጀመሪያውን አጻጻፍ ብቻ ሲሆን፣ ፕሮግራሙ ከዓመታት በኋላ በሌላ ሰው እጅ ሲታረም የሚጠይቀውን ድካም አይነካም፤ ለመሥሪያ ቤት ፕሮግራም ለሚያስጽፍ ዕቅድ አውጪ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው።

በመጨረሻም በዚያው ጥናት በጸሐፊዎቹ መካከል የታየው ልዩነት፣ በቋንቋዎቹ መካከል ከታየው ጋር የሚተካከል ወይም ከዚያ የሚበልጥ ነው። ስለዚህ ቋንቋ ለመለወጥ በጀት የሚጠይቅ ሁሉ ለመምህራን ሥልጠና የተመደበው ስንት እንደሆነ አብሮ ሊያስረዳ ይገባዋል።