የተከፈተ በር፣ ያልተጻፈ ደንብ

ሐምሌ 2 ቀን 2010 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ኤርትራ በአሥመራ የተፈራረሙትን የሰላምና የወዳጅነት መግለጫ ደጋግሜ አነበብሁት። አምስት ነጥብ ያለው አጭር ጽሑፍ ነው። የጦርነቱን ዘመን መዝጋቱ ያስመሰግነዋል። የድንበሩ ውሳኔ እንዲፈጸም፣ መጓጓዣውና ንግዱም እንዲቀጥል ይላል፤ ሰው ድንበሩን በምን ደንብ እንደሚሻገር ግን አይናገርም። ጉድለቱ እዚህ ላይ ነው።

መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የዛላምበሳና የቡሬ መሻገሪያዎች ሲከፈቱ ዘመድ ከዘመዱ በእንባ ተቃቀፈ። ዓመቱ ሳይሞላ ግን መልሰው ተዘጉ።

በአገሬ በእነዋሪ አስተዋይ ገበሬ ጎረቤቱን ቢወድም የከብቱን ማለፊያ ከማሳው ለይቶ ይተዋል፤ መንገዱ ካልተለየ ፍቅሩ ከአዝመራው ጋር ይረገጣልና።

ከኬንያ ጋር ያለንን ደግሞ ተመልከት። የሁለቱ አገሮች ዜጎች ያለ ቪዛ ይገባሉ፤ በ2013 ዓ.ም. በሞያሌ የተመረቀው የጋራ ኬላም መንገደኛው ሁለት ጊዜ መቆሙ ቀርቶ በአንድ ስፍራ እንዲፈተሽ የታቀደ ነው። ይህ የሥርዐት ፍሬ ነው።

እንግዲህ ወጣት አንባቢ ሆይ፣ የወዳጅነት ጽሑፍ ስታነብ በቃሉ ጣፋጭነት አትረካ። ነገ ሹማምንቱ ቢኳረፉ እናት ልጅዋን ለማየት የምትሻገርበትን መንገድ ጽፎላታልን? ብለህ ጠይቅ።