የአትክልተኛው ልጅ፤ ስለ ሕንዱ ፊልም ስለ «ማሃል»

«ማሃል» የተባለው የሕንድ ፊልም በ1949 ዓ.ም. በቦምባይ ከተማ፥ ዛሬ ሙምባይ በምትባለው፥ ተሠርቶ ለሕዝብ ታየ። የቃሉ ትርጓሜ ቤተ መንግሥት ማለት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ስለዚህ ፊልም ብዙ ተጽፏል፤ የሚበዛው ግን ስለ ተዋናዮቹ ውበትና ስለ ዘፈኑ ነው። እኛ የምንመረምረው በሌላ በኩል ነው፤ ይኸውም በአሮጌው ቤት ውስጥ ትታያለች የተባለችው መንፈስ ማን እንደ ሆነች፥ ከማንነትዋም ስለ አገሩ ኑሮ ምን እንደምንረዳ ለመጠየቅ ነው። የታሪኩን ፍጻሜ ሳይገልጹ ይህን ማድረግ አይቻልምና፥ ፊልሙን ገና ያላየ አንባቢ ይቅርታ ያድርግልን።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ሃሪ ሻንካር የተባለ ወጣት ባለጸጋ በአላሃባድ ከተማ፥ ከ2018 ጀምሮ ፕራያግራጅ በተባለችው፥ በወንዝ ዳር ወደ ቆመ ባዶ ታላቅ ቤት ይመጣል። ቤቱን የሚጠብቀው ሽማግሌ አትክልተኛ የቀድሞውን ነገር ይተርክለታል። ቤቱን ያሠራው ሰው ካሚኒ የተባለች ወዳጁን በዚያ አኑሮ፥ በየሌሊቱ በውሃ ላይ ይመጣላት፥ ሳይነጋም ይመለስ ነበር፤ አንድ ሌሊት ግን ማዕበል ተነሥቶ አሰጠመው፤ ሲሞትም እመለሳለሁ ብሎ ቃል ሰጣት፤ እርስዋም ከጥቂት ቀን በኋላ ተከተለችው። ወጣቱ ወደ መኝታ ክፍሉ ገብቶ የሟቹን ሥዕል ቢያይ ፊቱ የራሱ ፊት ሆኖ ያገኘዋል። ወዲያውም ከወደ ውስጥ የሴት ዘፈን ይሰማል። ሲከተላት ትሸሻለች፥ ሲደርስባት ትሰወራለች። በኋላ ግን ቀርባ፥ ሁለቱ የሚገናኙት እርሱ የሞተ እንደ ሆነ፥ ወይም የእርስዋ ነፍስ የአትክልተኛውን ሴት ልጅ ሥጋ የለበሰች እንደ ሆነ ብቻ መሆኑን ትነግረዋለች። ጠበቃ የሆነው ወዳጁ ሽሪናት ሊያስጥለው ብዙ ይደክማል፤ አባቱም ወስዶ ራንጃና ከተባለች ልጅ ጋር ያጋባዋል፤ ልቡ ግን ከአሮጌው ቤት አልወጣም። ሚስቲቱ ምስጢሩን በደረሰችበት ጊዜ መርዝ ጠጥታ፥ ባሌ ገደለኝ ብላ ከስሳው ትሞታለች። በፍርድ ቤትም ካሚኒ የምትባል መንፈስ እንደሌለች፥ በሌሊት ስትዘፍን የነበረችው የአትክልተኛው ልጅ አሻ እንደ ሆነች ይገለጣል።

በሰሜን ሕንድ ገጠር ስለ ሙታን የሚነገረውን የሰማ ሰው ይህች ካሚኒ ከዚያ እንዳልመጣች ወዲያው ይረዳል። የገጠሩ ሰው «ቡት» የሚለው ዕድሜው ሳይደርስ ወይም በክፉ አሟሟት የሞተውን፥ የሙት ሥርዓቱም በሚገባ ያልተፈጸመለትን ሰው መንፈስ ነው። በወሊድ የሞተችው ሴት ደግሞ «ቹሬል» ትሆናለች፤ እግርዋም ወደ ኋላ የዞረ ነው ይባላል። ለእነዚህ ሁሉ ሰዉ መላ አለው፤ መንፈስ የሚያስወጣ ዐዋቂ ይጠራል፥ ክታብ ይታሰራል፥ ለሟቹም ልጁ የሩዝ ድቡልቡልና ውሃ ያቀርብለታል። በ«ማሃል» ውስጥ ከዚህ አንዱም የለም። ማንም ዐዋቂ አይጠራም፥ ለካሚኒ ነፍስ ሥርዓት ይፈጸምላት የሚልም አይገኝም። ፊልሙ የያዘው ሌላ እምነት ነው፤ ይኸውም ሰው ሞቶ በሌላ ሥጋ ዳግመኛ ይወለዳል የሚለው ነው። ይህ እምነት በራሱ የሚያስፈራ አይደለም፤ ሰው እንደ ሥራው መጠን ዋጋውን የሚቀበልበት ሕግ ነውና። የፊልሙ ደራሲና አዘጋጅ ካማል አምሮሂ ግን ሕጉን ትቶ የሁለት ወዳጆችን የማይፈታ ውል አደረገው፤ በዚያም ላይ ከእንግሊዝ ልብ ወለድ መጻሕፍት የመጣውን የአሮጌ ቤት ዕቃ ሁሉ ጨመረበት፤ ሥዕሉን፥ የሚደውለውን ሰዓት፥ ረዥሙን ደረጃ፥ ነፋስ የሚያወዛውዘውን መጋረጃ።

ስለ ሠሪዎቹ ጥቂት ቃል መናገር ይገባል። አምሮሂ በአምሮሃ ከተማ የተወለደ የኡርዱ ቋንቋ ጸሐፊ ነበረ፤ ይህም መጀመሪያ ያዘጋጀው ፊልም ነው። እርሱ እስላም ሲሆን የታሪኩ ሰዎች ሂንዱዎች ናቸው፤ የሚናገሩትም ባማረ ኡርዱ ነው። ሥዕሉን ያነሣው ዮሴፍ ቪርሺንግ የጀርመን አገር ሰው ነበረ፤ «ቦምቤይ ቶኪስ» የተባለው ኩባንያ በ1934 ከተቋቋመ ጀምሮ አብሮ የሠራ፥ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም በእንግሊዞች የታሰረ ነው። እንግዲህ «ይህ የሕንድ እምነት ነው» ብለን የምናየው መንፈስ በእስላም ብዕርና በጀርመን መብራት የተሠራ መሆኑን መዘንጋት አይገባም። ሌላም ነገር አለ። ፊልሙ የታየው ሕንድና ፓኪስታን በ1947 ከተለያዩ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ በሰሜኑ አገር ባለቤቱ ጥሎት የሄደ ቤት በዝቶ ነበር። ፊልሙ ስለዚህ ነገር አንድም ቃል አይናገርም፤ ሆኖም የዚያ ዘመን ተመልካች ባዶውን አዳራሽ ሲያይ ምን እንደ ታሰበው መገመት አያስቸግርም።

ቪርሺንግ ጨለማውን እንደ ጨርቅ ያነጥፈዋል። ሰውየው መብራት ይዞ ከክፍል ወደ ክፍል ሲሄድ ብርሃኑ ከእርሱ ጋር ይሄዳል፤ የቀረው ቤት ግን ሊታይ እንቢ እንዳለ ይቀራል። ዘፈኑም እንዲሁ ነው። የሚመጣው ይመጣል የሚለው የካሚኒ ዘፈን መጀመሪያ ከሩቅ ይሰማል፥ ቀስ በቀስም ይቀርባል። ዘፋኟ ላታ ማንጌሽካር ስለ ቀረጻው ስትናገር ከክፍሉ ጥግ ተነሥታ እየዘፈነች ወደ ድምፅ መቀበያው በእግርዋ እንደ ቀረበች ገልጻለች። የዜማው ደራሲ ኬምቻንድ ፕራካሽ የዘፈኑን ዝና ብዙ ሳያይ ሞተ። በአገራችን የሕንድ ፊልም ለብዙ ዘመን በሰፊው ሲታይ ስለ ኖረ፥ ቋንቋውን ሳያውቅ ዜማውን የሚያንጐራጕር ሰው ከእኛ ዘንድ አይጠፋም፤ እንዲህ ያለው ሰው ይህን ዘፈን ቢሰማ የቃሉን ትርጕም ሳይጠይቅ አንድ የሚጠበቅ ሰው እንዳለ ያውቃል። አንድ ነገር ግን ልብ ሊባል ይገባዋል። ሸክላው በወጣ ጊዜ በላዩ የታተመው የዘፋኟ ስም «ካሚኒ» የሚል ነበር። ሃያ ዓመት ያህል የሆናት ላታ በሌለች ሴት ስም ተሸፍና ቀረች፤ አድማጮች ወደ ሬዲዮ ጣቢያው እየጻፉ ስምዋን ይጠይቁ እንደ ነበረም ይነገራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። መንፈሷ ሰው ሆና መገኘትዋ ፍርሃቱን ያበላሸዋል የሚሉ አሉ። እኔ ከዚህ አሳብ ጋር አልስማማም፤ ፊልሙ እውነተኛ የሚሆነው ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ነው እላለሁ። አሻ ያደገችው በዚያ ባዶ ቤት ነው። የካሚኒን ታሪክ ከአባትዋ አፍ ሰምታለች፤ በግድግዳው ላይ ያለውን ሰው አይታ ወድዳዋለች። ያ ፊት በሕይወት መጥቶ በደጅዋ ሲቆም ምን ታድርግ? በሕንድ አትክልተኞች «ማሊ» የተባለ የራሳቸው ወገን ናቸው፤ ፊልሙ የወገንን ነገር በአፉ አያወራም፥ ነገር ግን የጌታና የአገልጋይ ልጅ እንደማይጋቡ ተመልካቹ ሁሉ ያውቃል። በዚያ ላይ ሴት በባዕድ ወንድ ፊት ፊትዋን የምትሸፍንበት ልማድ አለ። በቀን ተሸፍና ስትኖር ጌታዋ አንድ ጊዜ እንኳ ማን ናት ብሎ አልጠየቀም። በሌሊት የሞተችውን እመቤት ስም ለብሳ፥ ፊትዋን ገልጣ ስትወጣ ግን በየደረጃው እየሮጠ ይከተላታል። ይህች ልጅ በሕይወት ካለች የምትናገርበት አፍ የላትም፤ ሞታለች ከተባለ ግን ጌታውን ታዝዘዋለች። ከዚህ የበለጠ የሚያስፈራ ነገር በፊልሙ ውስጥ አላገኘሁም። በዚያን ጊዜ አሥራ ስድስት ዓመት የሆናት ማዱባላ ሁለቱንም ሴቶች ስትጫወት፥ በፍርድ ቤቱ የምትቆመው አሻ ከሌሊቷ ካሚኒ ይልቅ የጠፋች ትመስላለች።

አምሮሂ ይህን ከፍቶ ካሳየ በኋላ የደነገጠ ይመስላል። ሻንካር ሞት ሲፈረድበት አሻን ለወዳጁ ለሽሪናት አደራ ብሎ ያጋባታል። በኋላ የራንጃና ደብዳቤ ተገኝቶ ነጻ ቢወጣም ነገሩ አልፏል፤ ወደ ቤቱ ተመልሶ በዚያው ይሞታል። ለዚህ ሁሉ የተደከመባት ሴት ከአንዱ ወንድ ወደ ሌላው እንደ ዕቃ ስትተላለፍ ፈቃድዋን በቁም ነገር የጠየቀ የለም። ራንጃናማ ከዚህ የባሰ ደርሶባታል። ባልና ሚስቱ እባብና የሌሊት ወፍ በበዛበት ሩቅ ስፍራ የሚኖሩበት ክፍል እጅግ ረዝሟል፥ ተመልካቹንም ያደክማል፤ ሆኖም የራንጃና መከራ እንዲያ ሊቀልል የሚገባው አልነበረም። በሕይወት ያለች ሚስት በሌለች መንፈስ ተበልጣ በመጨረሻ የምትናገረው በመርዝና በሐሰት ክስ ነው፤ ፊልሙም ባልየውን አዝኖለት እርስዋን ያልፋታል። አሾክ ኩማር ሻንካርን በሚገባ ስለ ተጫወተው፥ ይህ ሰው ለሁለት ሴቶች ጥፋት ምክንያት መሆኑን ተመልካቹ ይረሳል።

የዚህ ፊልም ዘር በዝቷል። ፊልሙን ያቀነባበረው ቢማል ሮይ በ1958 «ማዱማቲ»ን አዘጋጀ፤ በዚያ ግን መንፈሷ እውነተኛ መንፈስ ናት፥ ዳግመኛ መወለድም ሐሰት አይደለም፤ ሕዝቡም እጅግ ወደደው። በ1962 የወጣው «ቢስ ሳል ባድ» ወደ ተንኰሉ ተመለሰ። የራምሴ ወንድማማቾች በ1984 «ፑራና ማንዲር»ን ሲሠሩ ነገሩ ሁሉ ጭራቅና ደም ሆነ፤ ስለዚያ ብዙ የሚባል የለም። ከሁሉ ይልቅ ከ«ማሃል» ጋር ቢተያይ የሚጠቅመው አንቪታ ዱት በ2020 ያዘጋጀችው «ቡልቡል» ነው። እዚህ እግርዋ ወደ ኋላ የዞረው የገጠር ቹሬል ከሰባ ዓመት በኋላ ወደ ባለጸጋው ቤት ገብታለች፤ ያውም የቤቱ እመቤት ሆና፥ ሴቶችን የሚበድሉ ወንዶችን እያደነች። ቡልቡል በሰውነትዋ ተበድላ መንፈስ ሆነች። አሻ ግን ማንንም አልገደለችም፥ መንፈስም አልነበረችም፤ የቀድሞው ባለቤት ሥዕል ባለበት ቤት ውስጥ አድጋ፥ ጌታዋ ቀና ብሎ እንዲያያት ፈልጋ ነበር።