ዜሮ ተብሎ የተጻፈ ወጪ

ፈረንሳዊው ካርፓንቲዬ እ.ኤ.አ. በ1962 በቀየሰው የኃይል ፍሰት ማመቻቻ ስሌት ላይ የተመሠረቱ ብዙ ሞዴሎች፣ ቮልቴጅን ደግፎ ለሚይዘው ሪአክቲቭ ኃይል ወጪ አይመድቡም፤ ነዳጅ አይፈጅም ባዮች ናቸው። ጄኔሬተሩ ከዐቅሙ በታች ሲሠራ አባባሉ ለእውነት የቀረበ መሆኑን አንክድም። ከሙቀት ገደቡ ሲደርስ ግን፣ ሪአክቲቩን ለመጨመር ለገበያ የሚያቀርበውን አክቲቭ ኃይል መቀነስ ግድ ይሆንበታል፤ የቀረበትም ገቢ እውነተኛ ወጪ ነው። ሪአክቲቭ ኃይል ርቆ ስለማይጓዝ፣ የጎደለበትን አካባቢ ከሩቅ መታደግ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2003 በሰሜን አሜሪካ 50 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ለጨለማ ከዳረጉት ምክንያቶች አንዱ በኦሃዮ የታየው የዚሁ ኃይል የአያያዝ ጉድለት ነበር። ስለዚህ ይህን ወጪ የዘነጋ ሞዴል የሚሰጠው መፍትሔ፣ በእኛ አስተያየት፣ ሒሳቡን ለጭንቅ ቀን ያቆየ እንጂ ርካሽ አይደለም።